ፊደሉ አንድ፣ ቁናው ብዙ
ከደብረ ታቦር የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች እስከ ፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ መስፈሪያውን ሳይጠይቅ የሚወጣ ገንዘብ

ነጋዴ ሳያይ የሚገዛው ደረጃ የወጣለትን ነገር ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህንን በተግባር አሳይቷል። ገዢው አዲስ አበባ ተቀምጦ በሩቅ መጋዘን ያለውን ሰሊጥ ጆንያው ሳይፈታ የሚገዛው ሻጩን ስለሚያውቀው አይደለም፤ ደረጃውን ስለሚያውቀው ነው። ደረጃ በሌለበት ግን ንግዱ በመተያየትና በመዳሰስ ይቀራል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከእስቴ እስከ ጋይንት ባሉት ገበያዎች የቆየ እህል ገዢ ሁሉ ቁና ከቁና፣ ጣሳ ከጣሳ እኩል እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት መስፈሪያውን ያያል።

የሚገርመው፣ ይኸው ቁና ሳያይ ሳንቲም የማያወጣ ነጋዴ ኮምፒዩተር፣ ፕሮግራም ወይም የጌም ማጫወቻ ሊገዛ ሲወጣ የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ መሆኑ ነው። ዕቃው ከማን ዕቃ ጋር ይግባባል? የተጻፈበት ሰነድ ከአሥር ዓመት በኋላ ይከፈታል? ሻጩ ሱቁን ቢዘጋ ዕቃው ምን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች የባለሙያ ብቻ ይመስሉ ይሆናል፤ ነገር ግን የኪስ ጥያቄዎች ናቸው። ለዚህ ደግሞ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የገዛ ፊደላችን ታሪክ ይበቃል።

በየሱቁ የተሰፈረ ፊደል

ነገሩ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። “ቨ” ከነቤተሰቡ፣ እነ “ሏ” እና “ቋ”፣ 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ 300 ይጠጋል። ይህ ብዛት ገና በጽሕፈት መኪና ዘመን አስቸግሯል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያስቡ መላ ያደረጉት ፊደሉን ከአካሉና ከቅጥያው ለይቶ መገጣጠምን ነበር። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁልፍ የሚበቃ መኪና አልነበረምና።

ኮምፒዩተሩም ሲመጣ ችግሩን ይዞት መጣ። የዚያን ጊዜው አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነው። ከዚህም 32ቱ ለማሽኑ የሥራ ትእዛዝ የተያዘ ነው። 300 የሚጠጋው ፊደል 224 ቦታ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው አካልና ቅጥያ አደረገው። ሁሉም ግን ፊደላቱን ያስቀመጡት በእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱም በራሱ ቅደም ተከተል ነበር። አንዱ ዘንድ “ለ” የተቀመጠበት ቦታ ሌላው ዘንድ “መ” ሆነ።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ገበያውን የያዙት ፕሮግራሞች፣ እነ ሞድኤት፣ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ በዚህ መንገድ የተወለዱ ናቸው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ቁናው እንደየሱቁ ተለያየ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ያለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝንቅ ሆኖ ይወጣል። ከክፍለ ከተማ ወደ ክፍለ ከተማ ያልተሻገረ ፋይል ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር እንዴት ይሻገር? ስለዚህ ወረቀቱ ታትሞ በአውቶቡስ ተላከ፤ ደረሰና እንደገና ተተየበ። ኮምፒዩተር የተገዛው ድካም ለማስቀረት ነበር፤ ድካሙን ግን በእጥፍ አስከፈለ።

ከዚህ ያተረፈ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። የመተዳደሪያ ደንቡን፣ የሠርግ መጥሪያውን፣ የደረሰኝ ናሙናውን አንድ ጽሕፈት ቤት ያስተየበ ደንበኛ አንዲት መስመር ለማስተካከል ተመልሶ የሚሄደው እዚያው ነው። የታሰረ ደንበኛ ነው። ለአጭር ጊዜ ደግ ገበያ ይመስላል። ዳሩ ግን የታሰረ ደንበኛ አያድግም፤ ባለጽሕፈት ቤቱም ራሱ ለፕሮግራሙ ሠሪ የታሰረ ነበር።

ለሠሪዎቹም ሚዛን ማንሳት ተገቢ ነው። በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ሌሊት ሠርተው ለአገሩ ፊደል መንገድ የጠረጉ ሰዎች ናቸው። በጊዜው የሚከተሉት የጋራ ደረጃ አልነበረም፤ የሠሩትም ሥራ በአንድ ዲስክ እየተገለበጠ ያለክፍያ አገር አዳርሷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ተራ ያስገባው ዘግይቶ ነው። የራሱን ኮድ እንደ ቁልፍ የያዘ ሠሪ ከስግብግብነት ይልቅ ከፍርሃት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ፍርሃት የሠራው ቁልፍ ሌባውን አላቆመም፤ ገልባጩ ፎንቱንም ፕሮግራሙንም አብሮ ገለበጠ። የተዘጋው በሐቀኛው ደንበኛ ላይ ብቻ ነበር።

አንድ ቁና ለዓለም

መፍትሔው የመጣው ከገበያው ሳይሆን ከስምምነት ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱ የሆነ፣ ማንም የማይነካው ቁጥር ይሰጣል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ዶ/ር ፍስሐ አጥላው፣ የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ እንዲገባ ቀድመው ከሠሩት መካከል ናቸው። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ደግሞ ሴራ የተባለውን፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል በወጥነት የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጅተው በዚያ የሽግግር ዘመን መልእክት እንዲሻገር አድርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3ኛ ዕትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን መዘገበ። በ2005 እና በ2010 ሌሎች ተጨመሩ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ገብተው ጠቅላላው 523 ደረሰ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ያቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ “ንያላ” የተባለ የኢትዮጵያ ፎንት አብሮት ስለመጣ፣ አማርኛ ለማንበብ ብቻ ተብሎ ፕሮግራም መግዛት ቀረ። ዛሬ በእጅ ስልክ የተጻፈ አማርኛ ደብረ ታቦርም ሆነ ዋሽንግተን ያው ሆኖ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚወጣው የገበያ ትምህርት ግልጽ ነው። ደረጃው ሲመጣ “ፎንት መሸጥ” የሚባለው ንግድ ጠበበ፤ በምትኩ ግን በጋራው ፊደል ላይ የቆመው ሁሉ ሰፋ። የስልክ መጻፊያዎቹ፣ የአማርኛ ትርጉምና ፍለጋ፣ የባንክ አጭር መልእክት፣ የጌም ጽሑፍ ሳይቀር ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ደረጃ የአንድን ሻጭ ትርፍ ይቀንስ ይሆናል፤ ገበያውን ግን ያሰፋዋል። ባንኮችም ይህንኑ አይተውታል። ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. የባንኮችን የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ከማገናኘቱ በፊት የብዙው ሰው ካርድ ከባንኩ ማሽን ውጭ የሚያገለግል አልነበረም። ከተገናኙ በኋላ ማንም ባንክ ደንበኛውን ስላጋራ አልከሰረም።

የጋይንት መስፈሪያ

ደረጃ የፈረንጅ ፈጠራ ነው የሚል ቢኖር ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ወደ ጋይንት ይሂድ። በዚያ ያለችው ቤተልሔም የድጓ መመስከሪያ ናት። በየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ መጨረሻው ቤተልሔም ሄዶ ዜማውንና ምልክቱን ከዚያ ካለው ጋር ማስተያየት፣ ተመስክሮለትም መምህር መሆን ነው። ዙር አምባም እንዲሁ የዝማሬ መዋሥዕት መመስከሪያ ነው። ሌላ ቦታ ማስተማር አልተከለከለም፤ የየአገሩ መምህር የራሱ ለዛ አለው። ልዩነት ሲነሣ ግን የሚለካበት አንድ ቦታ አለ። ይህ በዛሬው ቋንቋ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት ሲሠሩ ያደረጉትም ይኸው ነበር። እስከዚያ በቃል የኖረው ዜማ በፊደል ራስ ላይ በሚጻፍ ምልክት ተሰፈረ፤ መምህሩ ቢሞት ዜማው አይሞትም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ ከመዘገባቸው መካከልም እነዚህ ምልክቶች አሉበት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ከሁለት ተዛማጆቻቸው ጋር 10 ሆነው ገብተዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ደረጃው ራሱ ጎደሎ አለው። ድጓ ላይ ምልክቱ የሚቀመጠው ከፊደሉ በላይ ነው። ዩኒኮድ ግን የመዘገባቸው ከፊደሉ ጎን ተራ ይዘው እንደሚሰለፉ ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች አድርጎ ነው። ቁጥር ተሰጣቸው፤ ቦታቸው ግን አልተሰጣቸውም። በተጨማሪም ድጓው ከእነዚህ ሌላ ከፊደል የተውጣጡ እጅግ ብዙ ምልክቶች አሉት። ስለዚህ ድጓን እንደ ብራናው በኮምፒዩተር ለማተም የሚፈልግ አሳታሚ ዛሬም የራሱን ዘዴ መፍጠር አለበት። ይህ ባለሙያውን ላገኘ ሥራ ነው። የዜማ ሊቃውንቱ በቅርብ፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በደጅ ባለበት አገር ይህንን የሚሠራ ፕሮግራም ከሌላ ቦታ መጠበቅ አያስፈልግም።

ወንድም የሌለው መድፍ

የዚሁ አገር ሌላው ምስክር ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው በጋፋት ፈረንጆቹን ባለሙያዎች ሰብስበው ሴባስቶፖልን አስወለዱ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ የአገሪቱ የቴክኖሎጂ ፍላጎት ትልቅ ማሳያ ሆኖ ይነሣል፤ ያስኮራልም። በነጋዴ ዓይን ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይነግራል። ሴባስቶፖል ወንድም የሌለው መድፍ ነበር። ጥይቱ የሌላ መድፍ ጥይት አይደለም፤ ሠረገላው የሌላ ሠረገላ አይደለም፤ የሚሄድበት መንገድ እንኳን አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። መንገዱ ለመድፉ ተሠራ እንጂ መድፉ ለመንገዱ አልተሠራም።

ዛሬም ለአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ ድርጅት ብቻ ተብለው የሚሠሩ፣ ከሌላ ጋር የማይግባቡ ፕሮግራሞች አሉ። ሲመረቁ ያምራሉ። ሠሪው ሲለቅ ግን የሚያውቃቸው አይገኝም፤ መዝገቡንም ወደ ሌላ የሚያሻግር መንገድ የለም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚገዛ ባለሀብት የመድፉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም ዋጋ ይተምን።

ደረጃው ያልፈታው

ዩኒኮድ የፊደሉን መስፈሪያ አንድ አደረገ እንጂ የጸሐፊውን እጅ አንድ አላደረገም። “ኃይለ ሥላሴ” የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል በ“ሀ”፣ በ“ሃ”፣ በ“ሐ”፣ በ“ሓ”፣ በ“ኀ” እና በ“ኃ” በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። “ሥ” በ2፣ “ሴ” በ2። ሲባዛ 24 ይሆናል። አጣብቆና ለያይቶ መጻፉ ሲታከልበት 48። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ 48 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የዱቤ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባ የጅምላ ነጋዴ አንድ ባለዕዳ በሦስት ስም ተመዝግቦ ቢያገኘው ጥፋቱ የጸሐፊዋ አይደለም፤ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የማይፈልግ ፕሮግራም የሸጠለት ሰው ነው።

ሁለተኛው ጳጉሜን ነው። ዓመትን በ12 ወር ብቻ የሚያስብ የሒሳብ ፕሮግራም 5 ቀን፣ በ4 ዓመት አንዴም 6 ቀን ያላትን 13ኛ ወር የት እንደሚያደርጋት ግራ ይገባዋል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች፤ በማግስቱ መስከረም 1 በፈረንጆቹ 12ኛው ቀን ላይ ዋለ። የዕዳ መክፈያ ቀን፣ የኪራይ ውል፣ የግብር ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሄድበት ነጋዴ ፕሮግራም ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈትነው ጳጉሜን 6ን በማስገባት ቢሆን ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

ጨዋታውም ሕግ አለው

በጌም ንግድም ያለው ነገር ከዚህ አይለይም። ፕሌይስቴሽን ቤት መክፈት በየከተማው ብዙ ወጣት የሞከረው ሥራ ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ የኳስ ጨዋታ፣ ሒሳቡ በጨዋታ። መነሻው ትንሽ ነው፤ የሚበላው ግን ደረጃ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ፕሌይስቴሽን 2 ብዙውን ጊዜ የ120 ቮልት ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 220። በቀጥታ የሰካው ሰው ካፒታሉን በጭስ ያያል። ከኤሌክትሪኩ ቢያመልጥ የሥዕሉ ደረጃ አለ። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሲሆን በእኛ ቴሌቪዥን የተለመደው ፓል ነው፤ የአንዱ ክልል ዲስክም በሌላው ክልል ማጫወቻ ላይ እንዳይነሣ ተቆልፏል። ከዱባይ የመጣው በዋጋ ቢበልጥም የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነበር።

ሦስተኛው ኪሳራ በትውልድ ለውጥ የሚመጣው ነው። ፕሌይስቴሽን 4 የ2ን እና የ3ን ዲስክ አያጫውትም። ስለዚህ በዲስክ የተጠራቀመ ሀብት ማጫወቻው ሲለወጥ ወደ ዜሮ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 አብዛኛውን የ4 ዲስክ ያጫውታል፤ ነገር ግን የዲስክ መክተቻ የሌለው ዓይነትም አብሮ ወጥቷል። በዋጋ የሚቀንሰውን የገዛ ሰው በእጁ ያለውን ዲስክ እንደ ጣለው ይቁጠር። በተጨማሪም ጌሙን ከኢንተርኔት ማውረድ ግድ ይሆንበታል።

በዚህ በኩል የተሻለ የተጓዙት ለእጅ ስልክ የሚሠሩት ናቸው። ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው “ኩኩሉ” ከወጥ ድስት የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት ጨዋታ ነው። ቀልዱ የእኛ፣ መሮጫው ግን በሁሉም እጅ ያለ ስልክ ነው። የጨዋታውን ሐሳብ ከቤት፣ ማጫወቻውን ከጋራው ደረጃ መውሰድ፤ ለአገር ውስጥ ሠሪ ይህ ትክክለኛው ሥሌት ይመስላል።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ደረጃ ይውጣለት ማለት ስሕተት ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ገበጣን ወደ ስልክ የሚያመጣ ሠሪ አንዱን መርጦ ሌላውን ቢያጠፋ የአገሩን ሀብት ያሳንሳል። ሕጉን ተጫዋቹ እንዲመርጥ ቢተውለት ግን የጎንደሩም የወሎውም ይገዛዋል። ደረጃ የሚያስፈልገው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው፤ በመስፈሪያው እንጂ በእህሉ ላይ አይደለም።

ለገዢ የሚበጅ

በመጨረሻ አንድ መለኪያ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዱቤውንና ሽያጩን መስመር ላይ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም የመዘገበ ነጋዴ ያን ጊዜ ወደ ደብተር ተመለሰ፤ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ የመዘገበ ግን ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ ፕሮግራም ሲገዛ መጠየቅ ያለበት አራት ነገር ነው። መስመር በሌለ ጊዜ ይሠራል ወይ? መዝገቡን ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው መልክ ያወጣል ወይ? ጽሑፉ በዩኒኮድ ነው ወይ? ጳጉሜንንና ሞክሼ ፊደላትን ያውቃል ወይ?

በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በእጁ ያለም ቢሆን የሚያነበው ኮምፒዩተር በሕይወት ሳለ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ያዛውረው። ነገ የሚያዛውርለት ይጠፋል፤ ቢገኝም ዋጋው ይወደዳል። ሻጩ ለአራቱ ጥያቄዎች መልስ ካጣ ገዢው ዋጋ አይጠይቅ። ቁናው ሳይታይ እህል አይሰፈርም።